የሥጋ ዶሮ መኖ ከየት እንደ መጣ ይታወቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሐሳቤን በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ እለምናለሁ። ጉዳዩ ስለ ዶሮ ነው። ስለ ዶሮ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ የፈታ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን በበዓል ሰሞን የአንድ ዶሮ ዋጋ ከደመወዛችን ላይ ምን ያህል እንደሚቆርስ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር እኔና ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ ለእንቁጣጣሽ እናደርሳለን ብለን 100 የሥጋ ዶሮ ጫጩቶች በማኅበር ገዛን። ማኖሪያቸው በግቢዬ ያለች አሮጌ ማድ ቤት ነበረች፤ ስፋቷ 8 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። የተዘጋጀው መኖ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ስለ ሆነብን ግማሹን በኑግ ፋጉሎና በቢራ አተላ ተካነው። ሻጩን የጠየቅነው ዋጋውን ብቻ ነበር። አንደኛው ጆንያ ሲፈታ ከሥሩ ሻግቶ ተገኘ። እኛም የሻገተውን በእጃችን ለቅመን ጥለን፣ የቀረውን ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜ አስጥተንና ደቁሰን ሰጠናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ይጥሉ፣ መብላቱንም ይተዉ ጀመር። ከ100ው 34ቱ ሞቱ። ሬሳቸውን የመረመረ ባለሙያ ስላልነበረ በፋጉሎው ሞቱ ብዬ ልምል አልችልም፤ ከብርዱም ከጥበቱም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። የተረፉትን ለበዓሉ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን ሸጥናቸው። ምን በልተው እንዳደጉ ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልነገርንም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ማንበብና የሚያውቁትን ሰዎች መጠየቅ ጀመርሁ። በመጀመሪያ የተረዳሁት፣ የፋብሪካ ተረፈ ምርት ለዶሮ መስጠት በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ነው። እንዲያውም ብልኅነት ነው። ዶሮ ለማርባት ከሚወጣው ገንዘብ ከ100 እጅ 60ው ወይም 70ው የሚሄደው ለመኖ ነው። በቆሎውን ለዶሮ ስንሰጥ ከሰው ገበታ እየነጠቅን ነው፤ ፋጉሎን፣ የስንዴ ፉርሽካንና የቢራ አተላን ግን ሰው አይበላቸውም። የኑግ ፋጉሎ ከክብደቱ ሲሶው ያህል ፕሮቲን ነው። ይህ ሁሉ ወደ ሥጋና ወደ እንቁላል ካልተለወጠ ወይ ይጣላል፣ ወይ ወንዝ ያበላሻል። ስለዚህ ተረፈ ምርቱ ይከልከል የሚሉትን ሰዎች አልደግፍም።

ሁለተኛው ነገር ግን ዶሮ እንደ በሬ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የሌላት መሆኗ ነው። አሠሩ የበዛበትን የቢራ አተላ ላሚቱ አመስኳ ትጠቀምበታለች፤ ዶሮ ግን ብዙውን እንዳለ ታሳልፈዋለች። ከዚህም በላይ እርጥቡ አተላ ከሦስት እጅ የሚበልጠው ውኃ ስለ ሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቆመጥጣል፣ ይሻግታልም። ጨው የበዛበት የዳቦ ቤት ትርፍራፊም ሆነ ሞላሰስ ከልክ ሲያልፍ ዶሮዋን ውኃ ያስጠጣታል፤ ኩሷ ይቀጥናል፣ ከሥሯ የተነጠፈው ሰጋቱራ ይረጥባል። ከረጠበው ሰጋቱራ አሞኒያ ይነሣል፤ ዐይንን ያቃጥላል፣ የእግራቸውን መዳፍ ያቈስላል። ሜዳ ላይ ለምትውል ዶሮ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። በአንድ ክፍል ለታጐሩት ግን መኖውና ጥበቱ ተጋግዘው አንድ በሽታ ይሆናሉ።

ጥበቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማሳየት አንድ ሒሳብ ልሥራ። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው መመሪያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 33 ኪሎ የዶሮ ክብደት፣ ልዩ ልዩ ግዴታዎችን ላሟላ አርቢ ደግሞ እስከ 42 ኪሎ ይፈቅዳል። እያንዳንዷ 2 ኪሎ ብትመዝን፣ በ33ቱ ኪሎ ሒሳብ እንኳ 16 ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ይቆማሉ ማለት ነው። ለአንዷ የሚደርሳት ቦታ በየጠረጴዛችን ላይ ደብዳቤ የምንጽፍባትን አንዲት ገጽ ወረቀት ያህላል። በዚያች ወረቀት ላይ ስድስት ሳምንት ያህል ኖራ ትታረዳለች። የእኛዋ ማድ ቤት፣ ብናፍርባትም፣ ከዚህ ሰፋ ያለች ነበረች።

በዚያው ክረምት ከሻገተው ፋጉሎ ጥቂቱን የጎረቤቴ የአንዲት እናት ዶሮዎች ወደሚጭሩበት ጥግ ጥዬው ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ጫር አድርገው ትተውት ወደ ጎመኑ መደብ ሄዱ። ዶሮ መርዝ ታውቃለች ማለቴ አይደለም። ሌላ የምትበላው ስላላት ትታው ሄደች ለማለት ነው። በቤት የታጐረችው የሰጧትን ከመብላት በቀር ምርጫ የላትም፤ አንድ ጆንያ ቢበላሽ ከእርሱ የማይደርሳት ዶሮ አትኖርም። እንግዲህ የመምረጡ ሥራ ከእርሷ ወደ እኛ ተላልፏል ማለት ነው፤ እኛ ግን ሥራውን አልሠራነውም።

ይህ አደጋ አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ሐኪሞቹ መንሥኤውን ስላላወቁት በሽታውን «ኤክስ» ብለው ሰየሙት። በኋላ ሲጣራ ነገሩ በሽታ ሳይሆን መኖ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ከብራዚል የመጣ፣ ዘይቱ የተጨመቀለት የለውዝ ፋጉሎ ነበር። በፋጉሎው ላይ የበቀለው ሻጋታ የሚያወጣውንም መርዝ አፍላቶክሲን አሉት። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በሰውም ላይ የጉበት ነቀርሳ እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ሻጋታው ተለቅሞ ቢጣል መርዙ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ ተራ የማብሰያ እሳትም አያጠፋውም። እኛ በእጃችን ለቅመን ያጸዳን የመሰለን ከንቱ ድካም ነበር።

ይህ የእንግሊዝ ወሬ ነው፣ እኛን ምን ይመለከተናል የሚል አንባቢ ካለ፣ የራሳችንን ወተት ያስታውስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ ይህ መርዝ ያልተገኘበት አንድም እንዳልነበረ ገልጧል። ከአሥሩ ከዘጠኙ የሚበልጠው የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው መጠን ያለፈ ነበር። ምንጩም በተለይ ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተመለከተ። የዶሮው ነገር ከወተቱ ይለያል፤ ወደ ሥጋዋ የሚገባው መጠን ጥቂት ነው፣ ይልቁንም በጉበቷ ላይ ይገኛል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ እንተው እያልሁ ሰው ማስደንገጥ አልፈልግም። ዳሩ ግን ከዘይት መጭመቂያው የሚወጣው ፋጉሎ ለላም የሚሸጥና ለዶሮ የሚሸጥ ተብሎ አይለይም። ገበያው አንድ ነው።

ነገሩ ለመሥሪያ ቤት ሰዎችም የሚያስተምረው አለ። በ1999 (አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቤልጅግ አገር ለመኖ የሚሆን ከየቦታው የተሰበሰበ ያገለገለ ስብ በትራንስፎርመር ዘይት ተበከለ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ሲቀንሱ፣ ጫጩቶቹም ሲሞቱ አርቢዎቹ በክረምቱ መጨረሻ አስተዋሉ። ዲዮክሲን የተባለው መርዝ መሆኑ በኤፕሪል መጨረሻ ታወቀ፤ ሕዝቡ ግን የሰማው በሜይ መጨረሻ ነው። የጤናና የእርሻ ሚኒስትሮቹ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ጁን ወር በተደረገው ምርጫም መንግሥቱ ተሸነፈ። መበከሉ በአንድ ስብ ሰብሳቢ የደረሰ ጥፋት ነበር። ሕዝቡ የተቈጣው ግን ጉዳዩ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር በከረመበት በዚያ አንድ ወር ነበር።

በአገራችን ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል፤ ሥራውም ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በየግቢው ጫጩት የሚያሳድገው ሰው ብዙ ነው። ጫጩቱ ሲታደል እሰየው ያልነውን ያህል፣ መኖው ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅንም። ትልቁ አርቢ መኖውን ራሱ ሊያስመረምር ይችላል፤ በማድ ቤት 50 ዶሮ ያኖረ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን ይህን እንዲያደርግ መጠበቅ አይገባም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ምርመራው በአርቢው ደጃፍ ሳይሆን ተረፈ ምርቱ በሚወጣበት በዘይት መጭመቂያው፣ በዱቄት ፋብሪካውና በቢራ ፋብሪካው በር ላይ ቢሆን ይሻላል። በሮቹ ጥቂት ናቸው፤ አርቢው ግን ሺሕ ነው። በጆንያው ላይም የተጨመቀበት ቀን፣ የወጣበት ቦታና ርጥበቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ቢጻፍ ወጪው ከቀለምና ከወረቀት እምብዛም አያልፍም። እርጥቡን አተላ ማድረቅ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህን አልክድም፤ የመኖውም ዋጋ ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ለዚያ ሲባል ደርቆና ተመርምሮ ለሚሸጠው መኖ ግብሩ ቢቀልለት መልካም ይመስለኛል።

ባልደረቦቼ ዘንድሮም ለበዓል ጫጩት እንግዛ ብለው ጠይቀውኛል። ማድ ቤቷን በኖራ አስቀብቻለሁ፤ ቍጥሩም ከ50 እንዳያልፍ ተስማምተናል። ባለፈው ሳምንት ሁለት መኖ ሻጮች ዘንድ ሄጄ ፋጉሎው መቼ እንደ ተጨመቀ ብጠይቅ፣ አንዱ ሣቀብኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጌታዬ፣ እኔም ከሌላ ገዝቼ ነው» አለኝ። ጫጩቶቹን ገና አላዘዝንም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ