እንቅርት፣ ጨውና የነጋዴው አማና

በዚህ ወር ስለ እንቅርት እናነሳለን። በደባርቅና በዳባት ገበያ እንቅርት ያለባት እናት ማየት ለማንኛችንም አዲስ አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን የምንተርተውም በሽታው ከእኛው ጋር የኖረ ስለሆነ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል።

ለመሆኑ እንቅርት ምንድን ነው? ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሳት (ሴሎች) የተገነባ ነው። ከጉሮሯችን ፊት ለፊት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሕዋሳት በደም ውስጥ የሚያልፈውን አዮዲን የተባለ ንጥረ ነገር እየሳቡ ያስገቡና ሆርሞን ይሠሩበታል። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ ወደ ሌሎች ሕዋሳት እምብርት፣ ወደ ኒውክለሱ ይዘልቃል። እዚያም የትኛው ዘረመል (ጂን) እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲያርፍ ያዛል። ምግብ ወደ ሙቀትና ጉልበት የሚለወጥበት ፍጥነት፣ የልጅ ቁመት፣ የጽንስ አንጎል ዕድገት ሁሉ በዚህ ትእዛዝ ላይ የቆመ ነው። ሱብሓነላህ!

አዮዲን ሲያጥር ሆርሞኑ ይጎድላል። በአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ ጉድለቱን ስታውቅ ለታይሮይድ ሕዋሳት «ጨምሩ» የሚል መልእክት ትልካለች። ሕዋሳቱም ይታዘዛሉ፤ ይተልቃሉ፣ ይባዛሉ። ግን ያልቀረበላቸውን አዮዲን ከየት ያመጣሉ? እንጨት ሳይኖረው አናጺ ብቻ እንደሚቀጥር ሰው ማለት ነው።

ከአንገቱ እብጠት የሚከፋው የጽንሱ ጉዳይ ነው። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለማይችል የእናቱን ይጠቀማል። ያኔ የጎደለው የአንጎል ዕድገት በኋላ በሚሰጥ መድኃኒት አይመለስም። ቁርኣን መሐፈዝ የከበደውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ከመገሠጻችን በፊት ይህን ብናስብ እወዳለሁ።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ዳገታማ ስለሆነ ዝናቡ አፈሩን ከነአዮዲኑ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በዚያ የበቀለው ገብስና ድንችም አዮዲኑ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገን ግን ብዙ አልነበረም። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይበቃል። የዕድሜ ልካችን ተጠራቅሞ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም! በአካባቢያችን ለእንቅርት ተብሎ አንገት የመነቀስ ልማድ ነበር። ንቅሳት በሸሪዓችን ከመከልከሉም በላይ ለሕዋሳቱ ቅንጣት አዮዲን አያቀብልም።

አዮዲን ያለው ጨው ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ተቋረጠ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ደነገገ። ደንቡ ግን ሱቅ ገብቶ ጆንያ አይከድንም።

እዚህ ላይ ለነጋዴ ወንድሞቼና እህቶቼ በግልጽ ልናገር። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይጠፋል። የጨው ጆንያ ግን አፉን ከፍቶ ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ሲውል አያለሁ። አዮዲን ያልገባበትንም «ያው ጨው ነው» ብሎ መሸጥ ተለምዷል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰደው እርጥቡን ባገኙ ጊዜ ሻጩን እንደገሠጹት በመድረሳ ተምረናል። በእኔ አስተያየት አዮዲን የሌለውን ጨው አለው ብሎ መሸጥ ከዚያ አይለይም። ፈትዋ መስጠቴ አይደለም፤ እሱን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ።

እናቶችም ብንሆን ጨውን ከምድጃ አርቀን፣ በሚከደን ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባናል። ሻካራውን ጨው ማጠብ አዮዲኑን ማጠብ ነው። ከበርበሬ ጋር ፀሐይ ላይ የሰነበተውንም አትመኑበት። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም፤ የደም ግፊት አለና፣ ለአዋቂ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይብቃ።

«የእንቅርት መድኃኒት ስጪኝ» ብለው ወደ መድኃኒት ቤት ለሚመጡ እናቶች የምመልሰው ይኸው ነው፦ ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ፈጽሞ አይጠጡ። የቆየ ትልቅ እንቅርት በጨው ብቻ ላይጠፋ ይችላል። እብጠቱ ከጠጠረ፣ በፍጥነት ካደገ፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ካስቸገረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።