ለጣና የምንገጥም ሁሉ ውኃውን እንመርምር

በባሕር ዳር የግጥም ምሽቶች ጣና ሳይነሣ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። በተለይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ እንቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ከታየ ወዲህ፣ የግጥሞቻችን ጠላት ተለይቶ ታውቋል። እንቦጭ ወራሪ ነው፤ እንቦጭ የጣናን ጉሮሮ ያነቀ ባዕድ ነው። ስሜቱን እጋራለሁ። ይሁን እንጂ ግጥሞቻችን የበሽታውን ምልክት ከበሽታው ጋር አደባልቀውታል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሩቅ ላምጣው። በቤታቸው የመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ፍጥረታትን የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። አብዝተው ከሚሳሱላቸው አንዱ ኮራል ነው፤ ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ጎረቤታችን ቀይ ባሕርም በእርሱ የታወቀ ነው። ኮራል በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያስጠልላል፤ እነርሱም በብርሃን ኃይል ምግብ ይሠሩለታል፣ ቀለም ይሰጡታል። ውኃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ወይም ጠባዩ ሲለወጥ ኮራሉ አልጌዎቹን ያጣና ይነጣል። ልምድ ያለው ባለቤት ይህን ሲያይ ወደ መድኃኒት አይሮጥም። አስቀድሞ ውኃውን ይመረምራል፤ ሙቀቱን፣ የጨዉን መጠን፣ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይለካል። ከዚያም አንዱን ጉድለት ያርማል፣ ይጠብቃል፣ ውጤቱን አይቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ሁሉን ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የቱ እንዳዳነው፣ የቱ እንደገደለው አያውቅምና።

እኔ በምሠራበት የባንክ ሙያም እንዲሁ ነው። የቀኑ ሒሳብ አልመጣጠን ሲል ልዩነቱን ከመዝገብ መፋቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ወደ ደረሰኞቹ መመለስ ያስፈልጋል።

የጣና ደረሰኝ ታዲያ የት ይገኛል? ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያልፍም አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራቆቱ ተዳፋቶች የታጠበ አፈር ያወርዱበታል። ከአፈሩ ጋር የማዳበሪያው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይገባል፤ የከተሞች ፍሳሽም ይጨመርበታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እንቦጭ ማዕድ ተዘርግቶ ነው የቆየው። በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ደለሉን ያጣራ የነበረው፣ የታንኳችን መሥሪያ የሆነው ደንገል ግን በእርሻና በግጦሽ ተመናምኗል።

እንቦጭን መንቀል ከንቱ ነው አልልም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ሕዝብ ክብር ይገባዋል፤ መረቡ በአረም ለተያዘበት ዓሣ አጥማጅ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም። ነገር ግን ነቅሎ በዳርቻው መከመር አረሙ የመጠጠውን ምግብ በስብሶ ወደ ውኃው እንዲመለስ ማድረግ ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅ ጎረቤቶቻችን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንቦጩን የሚበሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ለቀቁበት፤ አረሙም በእጅጉ ቀነሰ። ውኃውን የሚያደልበው ነገር ግን አልተቋረጠምና ዓመታት ቆይቶ በኬንያ በኩል ተመልሶ መጣ።

«ገጣሚ ኬሚስት አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልኬቱ የባለሙያዎች ሥራ ነው። ጥፋተኛውን በስም የመጥራት ሥራ ግን የእኛም ነው። ሕዝብ የሚያዜመው ጠላት አረሙ ብቻ ከሆነ፣ አረሙ የተነቀለ ዕለት ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። ርብና ጉማራ ከሚመነጩበት ከጉና የሚወርደውን አፈር ማን ይገጥምለታል? በጣና ብቻ የሚገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣዎች አሉ፤ ከእነርሱ ከፊሎቹ በክረምት ወንዝ ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ያን እንቁላል ደለል ሲያፍነው ሙሾ ያወረደለት ማን ነው? ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ሐይቁን ከዙሪያው መሬት ጋር አንድ አድርጎ ነው። ግጥማችንም ከውኃው ወጥቶ ወደ ማሳው፣ ወደ ቦረቦሩ፣ ወደ ከተማው ቦይ ቢዘልቅ መልካም ነው።

በበኩሌ በሁለት ስንኝ ጀምሬዋለሁ፤ ወርቁን ማውጣት የአንባቢ ነው፤ ቀጣዩን ስንኝ ደግሞ ከእናንተ እጠብቃለሁ።

አረሙን ነቀልን ተጠራርተን ዘምረን፣
አፈሩን ላክንለት በወንዙ አሳፍረን።