ስኮላርሽፕ ከቤት ደጃፍ ይጀምራል

በዚህ እትም ስለ ስኮላርሽፕ እንጨዋወታለን። ወሬያችን ዩኒቨርሲቲ ስለገቡት ሳይሆን ቤት ስለቀሩት አካል ጉዳተኛ ልጆቻችን ነው።

የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ሻሸመኔ ካለው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች፤ ኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ጎበዝ ስለሆነች ብቻ ነው? አይደለም። በልጅነቷ የሚያስተምራት ቦታ ስላገኘችም ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ዳፊ የሚባለው ስኮላርሽፕ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ብዙ ስደተኛ ወጣቶችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ግን የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ይጠይቃል። ውጤት የሌለው ልጅ ፎርሙን እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ እኛ መምህራን ጥፋታችንን እንናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ክፍላችን ነበር። ተማሪው ከመቶ በላይ ነው፤ ብሬል የሚያውቅ መምህር አልነበረም። "አንተ ዝም ብለህ አዳምጥ" አልነው። ፈተና ሲመጣ ሳንፈትነው አሳለፍነው። ያዘንንለት መስሎን ነበር! በኋላ የአዳሪ ትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሽፕ መጣና ሪፖርት ካርድ ተጠየቀ። ምን እንስጥ? ዕድሉ አለፈው። እናቱ ምንም አልተናገሩንም፤ ዝምታቸው ነው የባሰብን።

ስለዚህ መምህራን፣ መጻፍ ያልቻለውን በቃል ፈትኑት፤ ማርኩንም መዝግቡ። ወላጆችም ልጁን አትደብቁ። ለራሽን ስሙን እንዳስመዘገባችሁት ለትምህርትም አስመዝግቡት።

ፎርም የምትሞሉ ደግሞ ይህን አትርሱ። ክፍያ ብቻ የሚሸፍን ስኮላርሽፕ ለአካል ጉዳተኛ ግማሽ ነው። የብሬል ወረቀት፣ የዊልቸር ጥገና፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ የሚያደርሰው ሰው ትራንስፖርት፣ ሁሉም ይጻፍ። ካልጠየቅን ማን ያስብልናል?

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ብሬል ጀምሯል፤ ስድስቱን ነጥቦች በጣቱ እየዳሰሰ ከትናንሽ ልጆች ጋር ይቀመጣል። እሱ ዘግይቷል፤ ሌላው አይዘግይብን።