ዋጋው የታለ?

መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ደንበኛው ገና ከደጃፉ ሳይደርስ ዋጋ ይጠራል። ያው ነጋዴ ቴሌግራም ላይ የጫማ ፎቶ ሲለጥፍ ግን «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ይህን እትም ስናሰናዳ ዝግጅት ክፍሉን ከሁሉ በላይ ያከራከረው ይህ ነበር። ተፎካካሪ እንዳያይባቸው ነው ያሉ ነበሩ፤ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው ያሉም ነበሩ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቻናል ላይ የተለጠፈ ዋጋ ሲቀየር እኮ ማረም ይቻላል። ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው ገዢ እስከዚያው ሌላ ቻናል ከፍቷል።

በዚህ እትም ለነጋዴዎች የምናስተዋውቃቸው ዲጂታል መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ለመጀመርም ገንዘብ አይጠይቁም። በጥር 2010 ዓ.ም. የወጣው ዋትስአፕ ቢዝነስ ዕቃዎችን ከነዋጋቸው ይደረድራል፤ ባለሱቁ ቢተኛ እንኳ ለደንበኛ ሰላምታ ይመልሳል። ካንቫ ማስታወቂያ ለመሥራት ይበቃል (ሦስት ዓይነት ቀለምና አምስት ዓይነት ፊደል ባንድ ወረቀት ላይ ካልታጨቀ በቀር)። እኔ የማደላው ለጉግል ካርታ ነው። አድራሻ «ከፋርማሲው ጀርባ፣ ቀይ በር» ተብሎ በሚነገርበት አዲስ አበባ፣ ሱቁን ካርታ ላይ ያስመዘገበ ሰው በየቀኑ ስልክ ይዞ መንገድ ከመምራት ይገላገላል። የሥራ ሰዓቱንና ስልኩንም እዚያው ማስፈር ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ስለጀመረው ቴሌብር ለብቻው ጽፈናል። ቲክቶክ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነብን ለሚቀጥለው እትም አሳድረነዋል።