«የሱ ነው» ማለት አያድንም

«ፍቅረኛዬ ሐሺሽ ያለበት ቦርሳ ክፍልሽ አስቀምጪልኝ አለኝ። እኔ እንደሆነ አላጨስም፣ አልሸጥም። ቢይዙኝም ‹የሱ ነው፣ እኔ ያስቀመጥኩለት ብቻ ነኝ› እላለሁ። እምቢ ካልኩት ይቀየመኛል። ምን ትመክረኛለህ?» ትላለች አንዷ አንባቢያችን።

እህቴ፣ ይቀየም!

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕጉን ግን ገልጬ አይቼዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚናገረው ስለሚሸጠው ብቻ አይደለም። ዕፁን ይዞ የተገኘውንና ያስቀመጠውንም ከነጋዴው ጋር አንድ ላይ ያሰልፈዋል። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ነው፤ በዚያ ላይ እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለ። እንግዲህ «ያስቀመጥኩለት ብቻ ነኝ» ማለት መከላከያ ሳይሆን ጥፋቱን በገዛ አፍ ማመን ነው!

ይሄኛው ደግሞ ለሁላችሁም ይጠቅማል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል ግን ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። እመን ተብሎ አይገደድም፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት የለውም። የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጣቢያ የገባ ሰው ደንግጦ ከመቀባጠሩ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

ላንቺ ግን ከሁሉም የሚሻለው ቦርሳውን አለመቀበል ነው። የፍቅረኛ ኩርፊያ በሳምንት ይበርዳል፤ 5 ዓመት ግን እየተቆጠረ ነው የሚያልቀው።