የትራምፕ ታሪፍ፣ የግሪንላንድ ምድርና የቤታችን ክርክር



ዛሬ የምናነሣው ርእስ ለቤተሰብ ዓምድ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ርእሱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ንግድና ስለ ሌላ አገር ምድር የያዙት ፖሊሲ ነው። “ይህ ለባልና ሚስት ምን ይፈይዳል?” የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዋሽንግተን፣ በዳላስና በሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ይህ ክርክር እራት ላይ አብሯቸው እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። አዲስ አበባም ቢሆን ከእሑድ አምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ የሚነሣ ወሬ ነው። ባል ይደግፋል፣ ሚስት ትቃወማለች፤ ወይም ሚስት ትደግፋለች፣ ባል ይቃወማል። ልዩነቱ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ በስሜት ሲነጋገሩ፣ በመጨረሻም አብረው መጸለይ ሲያቅታቸው ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፍ ማንን ደግፉ፣ ማንን ተቃወሙ አልልም። ስለ አንድ መሪ ፖሊሲ ስንከራከር ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎችን ግን ላቅርብ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የሚከፍለው ማነው?

ታሪፍ ማለት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ መንግሥት የሚጥለው ቀረጥ ነው። ብዙ ሰው ቀረጡን የሚከፍለው ዕቃውን የላከው አገር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ገንዘቡን ለአሜሪካ መንግሥት የሚከፍለው ዕቃውን ያስገባው አስመጪ ነው። አስመጪው ከትርፉ ላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ላኪው ዋጋ እንዲቀንስለት ሊጠይቅም ይችላል፤ አለዚያም በዕቃው ዋጋ ላይ ጨምሮ ለገዢው ያስተላልፈዋል።

ለቤት እመቤቶች የሚቀርብ ምሳሌ ልስጥ። በ2018 መጀመሪያ፣ በፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን፣ ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ታሪፍ ተጣለ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያጠኑ የማጠቢያ ማሽን ዋጋ 12 በመቶ ያህል መጨመሩን አገኙ። ታሪፍ ያልተጣለበት የልብስ ማድረቂያም አብሮ ተወደደ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ይሸጣሉና። በሌላ በኩል በአሜሪካ ፋብሪካዎች 1,800 ያህል አዲስ ሥራ ተፈጠረ። ይሁን እንጂ ገዢዎች በጭማሪ የከፈሉት ገንዘብ በሥራዎቹ ብዛት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሥራ ከ800,000 ዶላር በላይ ሆነ።

ታሪፍን የሚደግፉ ሰዎችም ያለ ምክንያት አይናገሩም። ፋብሪካው ተዘግቶበት ከተማው ባዶ የቀረበት ሠራተኛ ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። መድኃኒትንና ብረትን የመሰለ ነገር ሁሉ ከሌላ አገር የሚጠብቅ ሕዝብ በክፉ ቀን ይቸገራል የሚለው ሐሳብም ክብደት አለው። ታሪፍ ሌላውን አገር ወደ ድርድር ጠረጴዛ ለማምጣት ይጠቅማል የሚሉም አሉ። ሚስቱ ይህን ሐሳብ የያዘችበት ባል “አታውቂም” ከማለቱ በፊት በትዕግሥት ሊያዳምጣት ይገባል። የሚስትም እንዲሁ ነው።

ፕሬዚዳንቱ በሁለተኛው ዘመናቸው፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2025፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም አገሮች ዕቃ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ታሪፍ አወጁ። ኢትዮጵያ 10 በመቶ ደረሳት። ትንሿ ሌሶቶ ደግሞ 50 በመቶ ተጻፈባት፤ በኋላ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ተደረገላት እንጂ። በነሐሴ ወር በብራዚል ዕቃዎች ላይ 50 በመቶ ታሪፍ ተጣለ። ብራዚል ለአሜሪካ ቡና በማቅረብ የመጀመሪያዋ ናት። አሜሪካ ደግሞ ከሃዋይና ከፖርቶ ሪኮ ጥቂት ምርት በቀር ቡና አታበቅልም፤ ስለዚህ በዚህ ታሪፍ የሚጠበቅ የቡና ገበሬ በአገሯ የለም ማለት ይቻላል። በ2025 መጸው በአሜሪካ ሱቆች የቡና ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው 20 በመቶ ያህል ጨምሮ ነበር። የብራዚል ድርቅም ለዚህ ድርሻ ነበረው። ኅዳር 14 ቀን 2025 ዋይት ሐውስ ቡናንና ሌሎች የምግብ ዓይነቶችን በሚያዝያ ከታወጀው ታሪፍ ነጻ የሚያደርግ ትእዛዝ አወጣ።

ወገኖች፣ አሜሪካ ከቡናችን ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። በሜሪላንድ ሲኒ የሚያጥበው ቤተሰብና በሲዳማ ቡና የሚለቅመው ቤተሰብ በአንድ ውሳኔ ይነካሉ።

ይህ ነገር የአንድ ፓርቲ ብቻ እንዳልሆነም ልብ እንበል። አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ከ2000 ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ፈቅዶ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ከዚህ ዕድል የተሰረዘችው ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ በፕሬዚዳንት ባይደን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ይሰፉ የነበሩ ብዙ ወጣት እህቶቻችን ሥራቸውን አጡ። የውሳኔው ዓላማ መንግሥትን መጫን ነበር፤ ደመወዟ የተቋረጠባት ግን ለወላጆቿ ገንዘብ ትልክ የነበረችው ልጅ ናት። “የሚከፍለው ማነው?” ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። የምንወደው መሪ ሲወስንም፣ የማንወደው ሲወስንም እኩል ልንጠይቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምድሩ የማን ነው?

ስለ ግሪንላንድ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው በረዶ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ከስፋቷ 80 በመቶ ያህሉ በበረዶ የተሸፈነ ነው። ግን 57,000 ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። አብዛኞቹ ኢኑዊት የሚባሉ የምድሩ ልጆች ናቸው፤ በእምነታቸውም አብዛኞቹ ሉተራውያን ክርስቲያኖች ናቸው። በ1721 ሐንስ ኤገደ የተባለ የኖርዌይ አገልጋይ ከሚስቱ ከጌርትሩድ ራስክና ከልጆቻቸው ጋር ሄዶ ወንጌልን ሰበከላቸው። በ1733 ፈንጣጣ ገብቶ ሕዝቡን ሲጨርስ ጌርትሩድ ሕሙማንን በቤቷ አስታመመች። በ1735 እዚያው አረፈች።

ግሪንላንድ የዴንማርክ መንግሥት አካል ናት። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ሕዝቡ ራሱን ያስተዳድራል፤ ነጻ አገር የመሆን ውሳኔም የራሱ ነው። አሜሪካ ይህን ምድር መፈለግ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1946 የፕሬዚዳንት ትሩማን መንግሥት 100 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ ልክፈል ብሎ ነበር፤ ዴንማርክ አልሸጠችም። በ1951 ስምምነት ግን አሜሪካ በዚያ የጦር ሰፈር እንዲኖራት ተፈቀደ፤ አሁንም አላት። የፕሬዚዳንት ትራምፕ ደጋፊዎች ግሪንላንድ ለአሜሪካ መከላከያ ወሳኝ ስፍራ ናት፣ ሩሲያና ቻይናም ዓይናቸውን ጥለውባታል ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ለመከላከያ የ1951ዱ ስምምነት ይበቃል ይላሉ። በጥር 2025 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከግሪንላንዳውያን 85 በመቶው አሜሪካን መቀላቀል አንፈልግም አሉ።

በጥር 2026 ታሪፉና ምድሩ አንድ ጉዳይ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ግሪንላንድን የመግዛት ስምምነት ካልተደረገ በዴንማርክና በሌሎች ሰባት የአውሮፓ አገሮች ላይ ከየካቲት 1 ጀምሮ 10 በመቶ ታሪፍ እጥላለሁ አሉ። በዚያው ወር 21ኛው ቀን በዳቮስ ኃይል አልጠቀምም ብለው ተናገሩ፤ ከኔቶ ዋና ጸሐፊ ጋር ከተነጋገሩ በኋላም የታሪፉን ዛቻ አነሡ።

የእግዚአብሔርን ቃል የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ የናቡቴን ታሪክ ማስታወሱ አይቀርም (1ኛ ነገሥት 21)። አክዓብ መጀመሪያ ያቀረበው ጥያቄ ክፉ አይመስልም ነበር። የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ ልስጥህ አለ። ናቡቴ ግን የአባቶቼ ርስት ነው ብሎ እምቢ አለ። ክፋቱ የጀመረው እምቢታው ሳይከበር ሲቀር ነው። ደግሞም የት እንደ ጀመረ ተመልከቱ፦ በንጉሡ መኝታ ቤት፣ በባልና ሚስት ጭውውት መካከል ነው። ባል ምግብ አልበላም ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ሚስት አባበለችው፤ ወይኑን እኔ እሰጥሃለሁ አለችው። ዛሬ ያለን መሪ አክዓብ ነው ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ማቅረብና ሰው መግደል አንድ አይደሉም። የምለው፣ እምቢ የማለት መብት ያለውን ሰው ረስተን ስለ ምድሩ ብቻ ብናወራ በቤታችንም የአክዓብን ወሬ እናወራለን ነው።

በዚህ ላይ የሚያስተምረን ሌላ ታሪክ አለ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 20 ቀን 2025 ሥልጣን ሲይዙ ያመሰገኑት ዊልያም ማኪንሊ የተባለ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ነበር። ማኪንሊ ጸሎተኛ የሜቶዲስት አማኝ ነበር። የሚጥል በሽታ የነበረባትን ሚስቱን አይዳን በፍቅር በመንከባከቡ የታወቀ ነው። የምክር ቤት አባል ሳለ በ1890 ታሪፍን በአማካይ ወደ 50 በመቶ ያደረሰውን ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም በ1898 ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት አሜሪካ ፖርቶ ሪኮን፣ ጓምንና ፊሊፒንስን ወሰደች።

ስለ ፊሊፒንስ በጉልበቱ ተንበርክኮ እንደ ጸለየና ሕዝቡን ክርስቲያን ለማድረግ ጭምር ምድሩን ለመያዝ እንደ ወሰነ ለአገልጋዮች ተናገረ ተብሎ በ1903 ታትሟል። የታሪክ ሰዎች ይህ ቃል በትክክል መነገሩን ይጠራጠራሉ። ያም ሆነ ይህ፣ አብዛኛው የፊሊፒንስ ሕዝብ ለሦስት መቶ ዓመት ካቶሊክ ሆኖ የኖረ ነበር። ነጻነቱን ይፈልግም ነበር። ከ1899 ጀምሮ በተደረገው ጦርነት ከ4,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችና 20,000 ያህል የፊሊፒንስ ተዋጊዎች ሞቱ። በረሃብና በበሽታ ያለቀው ሲቪል ሕዝብ 200,000 ያህል ይገመታል።

ጸሎተኛ መሆን ብቻውን የመሪን ውሳኔ ትክክል አያደርገውም። “ጌታ ያስነሣው ሰው ነው” ብለን ጥያቄ የምንዘጋ ሁሉ ይህን እናስብ። በታሪፍም ቢሆን ማኪንሊ ራሱ በመጨረሻ ሐሳቡን አለዘበ። መስከረም 5 ቀን 1901 በበፋሎ ከተማ ባደረገው ንግግር የንግድ ጦርነት እንደማይጠቅምና አገሮች በስምምነት ሊነግዱ እንደሚገባ ተናገረ። በማግስቱ በጥይት ተመታ፤ በዚያው ወር 14ኛው ቀን ሞተ። መሪው ራሱ የሚለውጠውን ሐሳብ እኛ እንደ እምነት አንቀጽ ይዘን ትዳራችንን ልናቆስልበት አይገባም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የምናገረው ከማን ጋር ነው?

ባልና ሚስት ስለ መሪ ሲከራከሩ አንዳንዴ ክርክሩ ስለ መሪው አይደለም። ሰነድ ሳይኖረው የቀረ ዘመድ ያላት ሚስት ስለ ትራምፕ ስትናገር ፍርሃቷን እየተናገረች ሊሆን ይችላል። የጭነት መኪና የሚነዳ ባል ስለ ታሪፍ ሲናገር ወደብ ላይ ሥራ ቀዝቅዞበት ይሆናል። ስለዚህ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት፣ “ይህ ነገር አንተን የነካህ የት ላይ ነው?” “አንቺን ያሳሰበሽ ምንድን ነው?” ብላችሁ ተጠያየቁ።

ከዚህ በተጨማሪ እነዚህን ልምምዶች ሞክሯቸው፦

1. ከመከራከራችሁ በፊት አንዳችሁ የሌላችሁን ሐሳብ “አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልሁት” እስኪባል ድረስ ደግማችሁ ተናገሩ።

2. በስልክ የመጣ ቪዲዮን እንደ ማስረጃ አትጥቀሱ። ታሪፉ ስንት ነው? መቼ ታወጀ? መቼስ ተለወጠ? ቁጥሩ በጣም ስለሚቀያየር ቀኑን ያልያዘ ወሬ ያሳስታል።

3. በልጆች ፊት መሪን አትሳደቡ፤ አታምልኩም። ልጆች ከእኛ የሚማሩት ፖሊሲውን ሳይሆን አነጋገራችንን ነው።

4. ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንደ መከረው (1ኛ ጢሞቴዎስ 2) ለባለሥልጣናት አብራችሁ ጸልዩ። የሚደግፈውም የሚቃወመውም በአንድ ጸሎት “አሜን” ሊል ይችላል።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቡና አፍልታችሁ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ተቀመጡ። ቡናውን ስለ ለቀመው ገበሬ፣ በሐዋሳ ሥራዋን ስላጣችው እህት፣ በግሪንላንድ ስላሉት ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ፕሬዚዳንቱና ስለ አማካሪዎቻቸውም በስማቸው ጸልዩ። ከዚያ በኋላ ክርክራችሁ ካልቆመ ቀጥሉ፤ ግን እጅ ለእጅ እንደ ተያያዛችሁ ይሁን።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።