የበርሜሉ እንግዳ

ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የዝናብ ውሃ ከምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አግኝታ «አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። እኔም ጠጋ ብዬ ሳላይ «አዳኝ ጥንዚዛ ናት፤ ትናከሳለች፣ አትንኪያት!» አልኩና ላፈሳት ስነሳ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንያት» ብላ በብርጭቆ ቀዳቻት።

ቁጭ ብለን አየናት። እግሮቿን እያፈራረቀች ስለምታንቀሳቅስ ውሃው ውስጥ የምትራመድ ትመስላለች። አየር ሲያምራት በጭንቅላቷ በኩል ብቅ ትልና ጫፉ ያበጠውን አጭር አንቴናዋን ከውሃው ታወጣለች። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ስህተቴ ገባኝ። አዳኟ ጥንዚዛ የኋላ እግሮቿን እንደ መቅዘፊያ እኩል ትመታለች፤ አየር የምትወስደውም የኋላ ጫፏን ወደ ላይ አድርጋ ነው። የእኛ እንግዳ ግን ሃይድሮፊሊዴ ከሚባለው ሌላ ቤተሰብ ናት።

በዚህ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከዚህ ወገን የሆነችውን ትልቋን የአውሮፓ ጥንዚዛ ከአዳኞቹ ጋር ደምሮ መዝግቧት ነበር። በ1762 ፈረንሳዊው ሐኪም ዦፍሯ ለይቶ ሃይድሮፊለስ አላት። በ1802 ደግሞ ላትሬይ ቤተሰቡን ራሱን አስችሎ መደበው።

ዛሬ ቤተሰቡ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ታዲያ ሁሉም ውሃ ውስጥ አይኖሩም፤ እበት ውስጥ የሚኖሩም አሉ። አንድ ቤተሰብ ያሰኛቸው መኖሪያቸው ሳይሆን የዘር ሐረጋቸው ነው። ጠባያቸውም ከዕድሜ ጋር ይለወጣል፦ ብዙዎቹ እጭ ሳሉ ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታትን እያደኑ ይበላሉ፤ ካደጉ በኋላ ግን የበሰበሰ ቅጠል ይለቅማሉ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ከመጣ ከልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት። እግሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስና በየት በኩል እንደሚተነፍስ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሯችሁ። አንዳንዶቹ ትልልቅ ዝርያዎች ከደረታቸው ሥር ሹል እሾህ ስላላቸው በእጅ ከመያዝ በማንኪያ ማውጣት ይሻላል። ስትጨርሱ ወደነበረበት መልሱት፤ እጃችሁንም ታጠቡ።

እኛም አመሻሹ ላይ ወደ በርሜሉ መለስናት። ልጄ ክዳኑን እየገጠመች «አባዬ፣ አንተ እኮ ሳታያት ነው ስም ያወጣህላት» አለችኝ። እውነቷን ነው። «አላውቅም፣ ነይ አብረን እንይ» ብላት ኖሮ ምን ይቀርብኝ ነበር?